ፖሰም፤ በአንድ አገር የሚታቀፍ፣ በሌላው የሚጠመድ

የባሕር ዛፍን ሽታ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አለ ቢባል ማን ያምናል? በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ዘሩ ከአውስትራልያ ምድር መጥቶ ኮረብታችንን የሸፈነው ይህ ዛፍ፣ ምሰሶ ሆኖ ቤታችንን ያቆመ፣ ጭራሮ ሆኖ እንጀራችንን የጋገረ ባለውለታችን ነው። በትውልድ አገሩ ግን ዛፉ ብቻውን አይኖርም። ቀን ቀን በግንዱ ፍልፍል ውስጥ ተኝቶ የሚውል፣ ማታ ማታ ቅጠሉን እየቀነጠሰ የሚበላ፣ ልጁን አዝሎ በቅርንጫፉ ላይ የሚራመድ አንድ ጎረቤት አለው። ዛፉ ወደ እኛ ሲመጣ ይኸ ጎረቤቱ እዚያው ቀረ፤ ስለዚህም በአማርኛ ስም ሳይወጣለት እስከ ዛሬ አለ። አውስትራልያውያን «ፖሰም» ይሉታል።

በዛሬው ጽሑፋችን ይህን እንስሳና፣ ደመወዝ ሳይቈረጥላቸው ሌሊት እየተነሡ ግልገሉን ወተት የሚያጠቡትን ሰዎች ለአንባቢ ለማስተዋወቅ አስበናል። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የርኅራኄ ወሬ ብቻ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ወደ ውስጥ ሲገቡ የዕውቀትም፣ የሕግም፣ የአስተዳደርም ጥያቄ ይገኝበታል። በተለይም ያው አንዱ እንስሳ ባሕር ተሻግሮ በኒው ዚላንድ እንደ ጠላት መታየቱን ስናስተውል፣ «እንግዲያው ደግነት ማለት ምንድን ነው?» ብለን እንድንጠይቅ ያስገድደናል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የስሙ ነገር

«ነገር ከሥሩ፣ ውሀ ከጥሩ» ይባላልና ከስሙ እንጀምር። ፖሰም የሚለው ቃል የተወለደው በአሜሪካ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እንግሊዞች በቨርጂኒያ ሲሰፍሩ፣ ልጆቹን በሆዱ ከረጢት የሚያሳድግ እንስሳ አዩ፤ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሚጠራበትንም ስም ሰምተው «ኦፖሰም» አሉት። ካፒቴን ጆን ስሚዝም ስለዚሁ እንስሳ ጽፎ ለአገሩ ሰዎች አስታወቀ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቈይቶ በ1770 ካፒቴን ኩክ በምሥራቅ አውስትራልያ ጠረፍ መርከቡን ሲያሳድስ፣ አብሮት የነበረው የሥነ ፍጥረት ተመራማሪ ጆሴፍ ባንክስ ከረጢት ያለው አንድ እንስሳ አገኘ፤ ከአሜሪካውም ጋር ስላመሳሰለው ስሙ ባሕር ተሻግሮ ቀረ።

ይሁን እንጂ ሁለቱን እንስሶች የሚያዛምዳቸው ከረጢቱ ነው እንጂ የቅርብ ዘመዶች አይደሉም። ጠላት ሲመጣበት እንደ ሞተ ሆኖ ተዘርሮ የሚተኛው የአሜሪካው ነው። የአውስትራልያው ግን ጥርሱን አሳይቶ ያጓራል። በአፍሪካ ምድር በዱር የሚኖር ባለ ከረጢት እንስሳ ስለሌለ፣ ለእኛ ሁለቱም እንግዶች ናቸው።

በአውስትራልያ በደርዘን የሚቈጠሩ የፖሰም ዓይነቶች አሉ። የከተማው ሰው አዘውትሮ የሚያያቸው ግን ሁለቱን ነው። አንደኛው ጅራቱ እንደ ጎፈሬ የተንጨፈረረ ስለ ሆነ «ጅራተ ጎፈሬ» ብንለው ያምርበታል። መጠኑ የድመት ያህል ነው፤ እንደ አገሩ ሁኔታ ከአንድ ኪሎ ጥቂት አለፍ ከሚል አንሥቶ እስከ 4 ኪሎ ተኩል ይመዝናል፤ ጆሮው የቆመ፣ አፍንጫው ቀላ ያለ፣ ዓይኑም ለሌሊት የተሠራ ትልቅ ነው። ሁለተኛውን ደግሞ «ጅራተ ቀለበት» እንበለው። የዚህኛው ክብደት ከአንድ ኪሎ እምብዛም አያልፍም፤ ጫፉ ነጭ የሆነውን ጅራቱን እንደ አምስተኛ እጅ እየጠመጠመ ቅርንጫፍ ይይዝበታል፤ ለጎጆው የሚሆነውንም ሣርና ጭራሮ ይሸከምበታል። ጎጆውን እንደ ወፍ አክብቦ በዛፍ ላይ ይሠራል። አባቱም ልጅ በማዘል እናቲቱን ይረዳል፤ ይኸም በባለ ከረጢቶች ወገን እምብዛም የማይታይ ጠባይ ነው።

የልደታቸው ነገር ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያስደንቃል። የጅራተ ጎፈሬ እርግዝና 17 ወይም 18 ቀን ብቻ ነው። የሚወለደው ልጅ ከባቄላ ፍሬ ያነሰ፣ ጠጕር የሌለው፣ ዓይኑ ያልተገለጠ፣ ፈጣሪ ገና ያልጨረሰው ሥራ የሚመስል ነው። ይህ ፍጥረት በእናቱ ጠጕር ላይ እየዳኸ ወደ ከረጢቷ ይገባና ጡት ይይዛል፤ ጡቱም በአፉ ውስጥ አብጦ ስለሚሞላው ለብዙ ሳምንታት ከዚያ አይላቀቅም። አራት አምስት ወር በከረጢት፣ ቀጥሎም አንድ ሁለት ወር በእናቱ ጀርባ ላይ ያድጋል። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ጣራ ላይ የሚሄደው ማን ነው?

በሜልቦርን ከተማ ለትምህርት የሄደ አንድ ጓደኛዬ፣ በደረሰ በሦስተኛው ሌሊት የሆነውን ሲያጫውተኝ፣ «ከኮርኒሱ በላይ ሰው ሲራመድ ሰማሁ፤ ቀጥሎም ጉሮሮውን የታነቀ ሰው የመሰለ ድምፅ መጣ። በስመ አብ ብዬ መብራት አበራሁ» አለኝ። ሌባ ነው ብሎ መጥረጊያ ይዞ ወደ ጓሮ ቢወጣ፣ በአጥሩ ላይ ቁጭ ብሎ የሎሚ ልጣጭ በሁለት እጁ ይዞ የሚበላ ጅራተ ጎፈሬ አገኘ። ሁለቱም ተያዩ። የሸሸው ግን ጓደኛዬ ነው። በማግሥቱ የቤቱ ባለቤት የሆኑት አሮጊት ነገሩን ሲሰሙ ሳቁና፣ «እሱ ካንተ በፊት የነበረ ተከራዬ ነው፤ ልዩነታችሁ እሱ ኪራይ አለመክፈሉ ነው» አሉት።

ከአሮጊቷ ቀልድ ውስጥ እውነት አለበት። ጅራተ ጎፈሬ በተፈጥሮው ቀን የሚተኛው በሸመገለ ዛፍ ፍልፍል ውስጥ ነው። ባሕር ዛፍ በአገሩ ለእንስሳ ማደሪያ የሚበቃ ፍልፍል እስኪያበጅ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ዓመት በላይ ይፈጃል። ሰው ግን መንገድ ሲቀድና ቤት ሲሠራ ያንኑ ዛፍ በግማሽ ቀን ይጥለዋል። ቤቱ የፈረሰበትም እንስሳ፣ በዛፉ ቦታ በተሠራው ቤት ጣራ ሥር ይገባል።

እንቅልፉን ያጣ ሰው አንዳንድ ጊዜ ፖሰሙን በወጥመድ ሳጥን ይይዝና፣ መግደሉ ስለሚያሳዝነው በመኪና ጭኖ ራቅ ካለ ጫካ ይለቀዋል። ደግ የሠራም ይመስለዋል። ሕጉ ግን ይህን ይከለክላል። በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት የተያዘ ፖሰም ከተያዘበት ስፍራ ከ50 ሜትር ሳይርቅ በዚያው ግቢ እንዲለቀቅ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስም ከ150 ሜትር እንዳያልፍ ደንብ ወጥቷል። ምክንያቱም ፖሰም ርስተኛ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ወሰንና የራሱ መጠለያ አለው። በማያውቀው ጫካ የተጣለ እንደ ሆነ ባለ ርስቶቹ ያባርሩታል፤ መደበቂያ ፍልፍሉ ሁሉ ተይዞ ያገኘዋል፤ ሲባዝን ቀበሮ ይበላዋል። ተመራማሪዎች ከከተማ ወደ ጫካ የተወሰዱትን ተከታትለው የሚበዙት ብዙ ሳይቈዩ እንደሚሞቱ ተረድተዋል። እንግዲህ በጫካ መልቀቅ ስሙ ነጻ ማውጣት ቢሆንም ፍሬው መግደል ነው።

የሚመከረው መድኃኒት ቀላል ነው። ማታ እንስሳው ለምግብ ሲወጣ ጠብቆ የጣራውን ቀዳዳ መድፈን፣ ከዚያም አስቀድሞ በጓሮው ዛፍ ላይ የእንጨት ሳጥን ሰቅሎ ማዘጋጀት ነው። እንስሳው ከርስቱ ሳይነቀል ቤት ይለውጣል፤ ሰውየውም ይተኛል።

ወተት የሚያጠቡ ሰዎች

ያው ጓደኛዬ ከጥቂት ወራት በኋላ ማለዳ ወደ ትምህርቱ ሲሄድ፣ መኪና የገጫት ጅራተ ጎፈሬ በመንገድ ዳር ሞታ አየ። ሊያልፍ ሲል ሆዷ ሲንቀሳቀስ ተመለከተ። ምን እንደሚያደርግ ባያውቅ ወደ ዱር እንስሳት ረጂዎች ስልክ ደወለ። የመለሱለት ሴት ያዘዙት ነገር ጥቂት ነው፤ «ልጁን ከጡቱ ለማላቀቅ አትሳብ። እናቲቱን ከነልጇ በጨርቅ ጠቅልለህ በሳጥን አድርግ፤ ሳጥኑም ጨለማና ሙቀት ይኑረው። ወተትም ውሀም አትስጥ። አታሻሸው፤ እየመጣሁ ነው።» ከግማሽ ሰዓት በኋላ በአሮጌ መኪና የመጡት ሴት ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ።

እያንዳንዱ ትእዛዝ ምክንያት አለው። ጡቱ በአፉ ውስጥ ያበጠ መሆኑን ቀደም ብለን አይተናል፤ ስለዚህ ግልገሉን በኃይል የሳበ ሰው አፉንና መንጋጋውን ይጎዳዋል። የላም ወተት ደግሞ ለባለ ከረጢት እንስሳ አይስማማውም፤ በውስጡ ያለውን የወተት ስኳር በደንብ ስለማይፈጭ ተቅማጥ ይዞት ሊሞት ይችላል። ብርድ የመታው ግልገልም ሳይሞቅ ቢመገብ ሆዱ ምግቡን አይቀበልም፤ ስለዚህ ከምግብ በፊት ሙቀት ይቀድማል። በምሕረት ተነሣሥቶ ቶሎ የላም ወተት በጠብታ ማጠጣት፣ የማንኛውም ደግ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ የመጀመሪያውም ስሕተት ይኸው ነው።

ግልገሉ ከዳነ በኋላ የሚከተለው ሥራ የወራት ሥራ ነው። የጨርቅ ከረጢት በእናቱ ከረጢት ምትክ ይሰፋለታል። ለባለ ከረጢቶች ተብሎ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት እየተለካ ይበጠበጥለታል፤ የእናት ወተት ከልጁ ዕድገት ጋር ጠባዩን የሚለውጥ ስለ ሆነ የዱቄቱም ዓይነት እንደ ዕድሜው ይለወጣል። ትንሽ የሆነው በየሦስት በየአራት ሰዓት፣ ቀንም ሌሊትም፣ ይመገባል። እናቱ ትልሰው የነበረውን ቦታ በእርጥብ ጥጥ ካልጠረጉለት ሽንቱን መሽናት አይችልም። ክብደቱ ይመዘናል፤ የተመዘነውም በደብተር ይጻፋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ፍቅርን መግታት ነው። ጠጕሩ ሲለሰልስና ጣትን መጨበጥ ሲጀምር ሰው ሁሉ ሊያቅፈው ይወዳል። ሠልጥነው የሚሠሩት ግን ቶሎ ከሌላ ወላጅ አልባ ግልገል ጋር ያጣምሩታል፤ ቈየት ብሎም ወደ ጓሮ ቤት ያወጡታል፤ የአገሩን ቅጠልና አበባ ያለማምዱታል። ከሰው ጋር ተላምዶ ያደገ እንደ ሆነ ውሻንና ሰውን ሳይፈራ ቀርቦ ይሞታልና። በመጨረሻም የሚተኛበትን ሳጥን ከነሽታው በዛፍ ላይ ሰቅለው ይከፍቱለታል። ጥቂት ሌሊት ይመለሳል፤ ከዚያ ይቀራል። በዚህ ሞያ የተዋጣለት ሰው፣ ያሳደገው እንስሳ የሚረሳው ሰው ነው።

ይህን ሥራ የሚያስተባብሩ ማኅበሮች አሉ። በኒው ሳውዝ ዌልስ «ዋየርስ» የተባለው ማኅበር በ1985፣ በቪክቶሪያም «ዋይልድላይፍ ቪክቶሪያ» በ1989 ተቋቋሙ። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ በቤት ማኖር በሕግ ስለ ተከለከለ፣ እንስሳ ተቀብሎ የሚያሳድግ ሰው አስቀድሞ መሠልጠንና ፈቃድ ማግኘት አለበት። ደመወዝ የለውም፤ የወተቱንና የቤንዚኑን ወጪ ብዙውን ጊዜ ከኪሱ ይከፍላል። ከእንስሳት ሐኪሞችም ብዙዎቹ ለዱር እንስሳ ዋጋ ሳይጠይቁ ያክማሉ።

የሚያሳዝነውን ወገን ደብቀን ብናልፍ ግን ለአንባቢ ግማሹን መንገር ይሆናል። ከሚመጡት እንስሶች ብዙዎቹ አይድኑም። ድመት የነከሰው ፖሰም ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢያህል እንኳ፣ ከድመቷ አፍ የገባው ተሐዋስ ቶሎ መድኃኒት ካላገኘ በጥቂት ቀን ይገድለዋል። አጥንቱ የተሰበረና ዳግመኛ ዛፍ መውጣት የማይችል እንደ ሆነ፣ ሐኪሙ ሥቃዩን በመርፌ ያሳርፈዋል። በረጂነት የሚመዘገብ ሰው ይህንንም ቆሞ ለማየት መዘጋጀት አለበት።

ከጓሮ እስከ ሕግ

እነዚህ ሰዎች በየቤታቸው ተበታትነው የሚሠሩ ቢሆኑም፣ ያዩትን መጻፋቸው ከአንድ ግልገል የሚበልጥ ፍሬ አፍርቷል። ለዚህ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። አውስትራልያውያን በጓሯቸው የሚተክሉትን የፍሬ ዛፍ ከወፍና ከሌሊት ወፍ ለመጠበቅ መረብ ያለብሱታል። ዓይኑ ሰፊ በሆነ መረብ ፖሰም፣ ሌሊት ወፍ፣ እባብ፣ ወፍ ይጠላለፋል፤ ሲታገልም ገመዱ ሥጋውን ይቈርጠዋል። ረጂዎቹ ከዓመት ዓመት ይህንኑ ቁስል ሲያክሙ፣ ሲመዘግቡና ሲያመለክቱ ቈዩ። በመጨረሻም በቪክቶሪያ ከመስከረም 2021 ጀምሮ፣ ለቤት የፍሬ ዛፍ የሚውል መረብ ተወጥሮ ሲለካ የዓይኑ ስፋት ከ5 ሚሊሜትር በ5 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ታዘዘ። ለሕዝቡም የተነገረው መፈተኛ ሕፃን የሚገባው ነው፤ ጣትህ የሚያልፍበት መረብ እንስሳ ይይዛል። አንድ ደንብ የሚጸድቀው በቢሮ ቢሆንም፣ የሚወለደው አንዳንድ ጊዜ በአንዲት ጡረተኛ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሁሉም ግን በመረብና በሳጥን የሚፈታ አይደለም። ጅራተ ቀለበት ሙቀት አይችልም። በመጋቢት 2019 በሜልቦርን ደቡብ በሶመርስ የባሕር ዳርቻ፣ ኃይለኛ ሙቀት ከዛፍ ያወረዳቸው ከመቶ በላይ ጅራተ ቀለበቶች ሞተው ወይም ሊሞቱ ሲያጣጥሩ ተገኙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የተነሣው ሰደድ እሳት እስከ 2020 መጀመሪያ ድረስ ደኑን ሲያነድ፣ ሊቃውንት በኋላ ባወጡት ግምት ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ እንስሳት ሞተዋል ወይም መኖሪያቸውን አጥተዋል፤ ከእነዚህም ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጉት ፖሰሞችና በአየር የሚንሳፈፉ ዘመዶቻቸው ነበሩ። በዚያን ጊዜ ከብዙ አገር ሰዎች የጨርቅ ከረጢት እየሰፉ ላኩ። የተላከው ከመብዛቱ የተነሣ አስተባባሪዎቹ «ይበቃናል» ብለው እስከ ማሳወቅ ደረሱ። መስፋት ቀላል ነው፤ ለተቃጠለው ደን ፍልፍል መስጠት ግን የመቶ ዓመት ሥራ ነው።

የአንድ ሌላ ፖሰም ታሪክ ደግሞ የተጠፋፋ ዘመድ እንደ መገናኘት ነው። በተራራ ላይ የሚኖረውን ድንክ ፖሰም ሊቃውንት ያወቁት ከመሬት በወጣ አጥንት ብቻ ነበርና፣ ከጠፋ ዘመናት ያለፈው መስሏቸው ነበር። በ1966 ግን በቪክቶሪያ በሆታም ተራራ፣ ለበረዶ ሸርተቴ ሰዎች በተሠራ ቤት ውስጥ በሕይወቱ ተገኘ። ክብደቱ 45 ግራም ያህል ነው። ክረምቱን በበረዶ ሥር ተኝቶ ያሳልፍና ሲነቃ ከሩቅ ሜዳ በሌሊት የሚበርሩ ቦጎንግ የተባሉ የእሳት እራቶችን ይበላል። ከ2017 ጀምሮ የእሳት እራቶቹ ቍጥር በድርቅ ምክንያት እጅግ ሲያሽቈለቍል፣ እናቶች በከረጢታቸው ያሉትን ልጆች ማሳደግ አቃታቸው። የሜልቦርን ሰዎች እራቶቹ በመንገዳቸው እንዳይሳሳቱ የውጭ መብራታቸውን እንዲያጠፉ ተለመኑ። እንስሳውን አይቶት የማያውቅ ሰው ማብሪያ ማጥፊያውን በመጫን ሊረዳው መቻሉ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር

እስካሁን ያየነው የነገሩን አንድ ገጽ ነው። አሁን ከአውስትራልያ ተነሥተን የታስማንን ባሕር ወደ ምሥራቅ ስንሻገር ኒው ዚላንድ እንደርሳለን፤ በዚያም ያው ጅራተ ጎፈሬ፣ ያው ባለ ትልቅ ዓይን እንስሳ፣ ተባይ ተብሎ ይጠበቀናል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኒው ዚላንድ ከሌሊት ወፍ በቀር ነባር የምድር አጥቢ እንስሳ ያልነበራት የደሴቶች አገር ናት። ሰፋሪዎች የቈዳ ንግድ ለማቋቋም አስበው በ1837 ፖሰም ከአውስትራልያ አምጥተው ለቀቁ። የመጀመሪያዎቹ አልበረከቱም፤ በ1858 የተለቀቁት ግን ሥር ሰደዱ። ከዚያም ለብዙ አሥርተ ዓመታት እየደጋገሙ አመጡ፤ ከቦታ ወደ ቦታም አዛመቱ፤ ቈዳው እንደ ሀብት ስለሚቈጠር አደኑን የሚገድብ ሕግ ጭምር አወጡለት። አገራችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ይህን የመሰለውን ነው።

ዕዳው ሲመጣ በአንድ ጊዜ አልመጣም። በአውስትራልያ ባሕር ዛፍ በቅጠሉ ውስጥ መርዝነት ያለው ቅባት ስላለበት የሚበላው እንስሳ ልኩን ያውቃል፤ ጕጕቱ፣ ዘንዶውና ሰደድ እሳቱም ቍጥሩን ይገታሉ። የኒው ዚላንድ ዛፎች ግን ቅጠል የሚበላ አጥቢ እንስሳ አይተው ስለማያውቁ መከላከያ አላበጁም። ፖሰሙ ራታ የተባለውን ትልቅ ዛፍ እየደጋገመ ቅጠሉን ሲያራግፍበት ዛፉ ቆሞ ይደርቃል። በ1967 ፖሰም የከብት ሳንባ ነቀርሳ እንደሚይዘው ታወቀ፤ ወደ ላሞችም እንደሚያስተላልፍ ተረጋገጠ። በ1993 ደግሞ ቅጠል በል ብቻ የመሰለው ይህ እንስሳ፣ ኮካኮ የተባለችውን ብርቅ ወፍ ዕንቍላልና ጫጩት ሲበላ በካሜራ ተያዘ።

መንግሥትም ፊቱን አዞረ። ከ1951 እስከ 1961 ፖሰም ገድሎ ላመጣ ሰው ገንዘብ ይከፍል ነበር፤ ይሁን እንጂ ቍጥሩ አልጐደለም። በ1980ዎቹ ዓመታት በአገሪቱ ከ60 እስከ 70 ሚሊዮን ፖሰሞች እንዳሉ ተገመተ፤ ከዚያ ወዲህ በተካሄደው ዘመቻ ቀንሶ ወደ 30 ሚሊዮን እንደ ደረሰ ተገምቷል። በ2016 የኒው ዚላንድ መንግሥት ፖሰምን፣ አይጥንና ሌሎች ከውጭ የመጡ አዳኝ አራዊትን እስከ 2050 ድረስ ከአገሪቱ ለማጥፋት ዕቅድ አወጣ።

ይህንንም ሥራ ከመንግሥት ሠራተኞች ጋር ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ቅዳሜ ማለዳ ተነሥተው በየኮረብታው የተጠመደውን ወጥመድ ይጐበኛሉ፤ የተያዘውን ይቈጥራሉ፤ በደብተር ይጽፋሉ። ለቈዳ ሲባል የመጣው እንስሳ ጠጕሩ ዛሬም ከሜሪኖ በግ ሱፍ ጋር እየተፈተለ ሹራብ ይሠራበታል። በወጥመድ የወደቀችው እናት ደግሞ በከረጢቷ ልጅ ሊኖራት ይችላል። በሜልቦርን ስልክ የሚያስደውለው ያ ግልገል፣ በኒው ዚላንድ ጫካ ስልክ የሚደወልለት አይደለም።

ደጉ የትኛው ነው?

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። ወተት በጠብታ የምታጠባው አውስትራልያዊት ደግ፣ ወጥመድ የሚያጠምደው የኒው ዚላንድ ሰው ጨካኝ ነውን? እኛ እንዲህ ለማለት አንደፍርም። ሁለቱም እንቅልፋቸውን ይሰጣሉ፤ ሁለቱም ደመወዝ የላቸውም፤ ሁለቱም የአገራቸው ደንና ወፍ እንዳይጠፋ ይሻሉ። እጃቸው የተለያየው የቆሙበት ምድር ስለ ተለያየ ነው። እንስሳው በአንዱ አገር ልጅ፣ በሌላው አገር ወራሪ ነው፤ ወራሪ የሆነውም በገዛ ፈቃዱ አይደለም፤ በመርከብ የጫነው ሰው ነው። ስለዚህ በኒው ዚላንድ እንኳ ማንኛውም ወጥመድ ይሁን አይባልም፤ ሳያሠቃይ ቶሎ መግደሉ የሚመረመርበት ደንብ አለ። የጥፋቱ ባለቤት ሰው እስከ ሆነ ድረስ፣ ሥቃዩን የማሳጠር ግዴታው የሰው ነው።

በትምህርት ቤት ላለውና በቢሮ ወንበር አዲስ ለተቀመጠው ወጣት ከዚህ የሚተርፈው ነገር ይኸ ይመስለናል። ፖሰሙን በመኪና ወደ ጫካ የወሰደው ሰው፣ ለግልገሉ የላም ወተት የሰጠው ሰው፣ በ1837 እንስሳውን በመርከብ ያስጫነው ሰው፣ ሦስቱም ክፉ ለመሥራት የተነሡ አይመስለንም። የጐደላቸው ልብ አልነበረም፤ ከማድረግ በፊት መጠየቅ ነበር። የመጀመሪያው ያጠፋው አንድ እንስሳ ነው፤ ሁለተኛውም እንደዚሁ። ሦስተኛው ግን በአገር ደረጃ ስለ ወሰነ፣ ያመጣው ዕዳ ወደ ሁለት መቶ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ተከፍሎ አላለቀም። ሥልጣን ከፍ ሲል ያለመጠየቅ ዋጋም አብሮ ከፍ ይላል።

የእኛም ባሕር ዛፍ ቢሆን እንግዳ ነው። በአንድ በኩል ማገዶና ምሰሶ ሰጥቶናል፤ በሌላ በኩል ውሀ ይመጥጣል፣ ከሥሩም ሌላ ተክል አያበቅልም እየተባለ ይከሰሳል። ክርክሩን የሚፈርደው ዛፉን የሚወድ ወይም የሚጠላ ሰው ሊሆን አይገባም፤ በየማሳውና በየምንጩ ዳር ቆሞ የለካና የጻፈ ሰው ነው መሆን ያለበት። በሜልቦርንና በኒው ዚላንድ ያየናቸው እነዚያ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ሰዎች፣ አንዱ በወተት፣ ሌላው በወጥመድ ቢለያዩም፣ በአንድ ነገር አንድ ናቸው። ሁለቱም ማታ ከመተኛታቸው በፊት ደብተራቸውን ይከፍታሉ።